የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቀን ባንክ፣ ማታ ፖሊስ መሆን ይቻላል?

በዚህ ወር ከደሴም ከኮምቦልቻም የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ሰፈር ፀጥታ ነው የሚያወሩት። ፖሊስን በትርፍ ሰዓቴ ላግዝ የሚል አለ፣ የሚፈራ አለ፣ የተበደለም አለ። አራቱን መርጠናል፣ የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን ምክንያቱም የሌሎቹም ጉዳይ እዛ ውስጥ አለ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? የ27 አመት ልጅ ነኝ፣ ደሴ ሆጤ አካባቢ ነው ተወልጄ ያደግኩት፣ አሁን አንድ የግል ባንክ ውስጥ ነው የምሰራው። ሰፈራችን ሰሞኑን ያልሆነው ነገር የለም፣ የውሃ ቆጣሪ ይነቀላል፣ የመኪና ስፖኪዮ ይወሰዳል፣ ከመሸ ደግሞ እህቶቻችን ስልክ እየተነጠቁ ነው። የአጎቴ ልጅ እንግሊዝ ሀገር ነው ያለው፣ አዘቦት ቀን ሱፐርማርኬት እየሰራ ቅዳሜና እሁድ ፖሊስ ነኝ አለኝ፣ ዩኒፎርም ለብሶ ፎቶ ላከልኝ፣ ደሞዝም የለው። የምር ገረመኝ። እኛ ሀገር እንደዚህ አይነት ነገር አለ ወይ? ስልጣኑስ እስከምን ድረስ ነው? እናቴ ደግሞ ጭራሽ መስማት አትፈልግም፣ «ልጄ ከሰው አታጣላኝ» ነው የምትለው። ምን ልበላት?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ለሰፈርህ ማሰብህ በራሱ ደስ ይላል። መጀመሪያ ከአጎትህ ልጅ እንነሳ። እዛ እሱ የሚሰራው ስራ ስፔሻል ኮንስታብል ይባላል፣ አዲስ ነገርም አይደለም፣ በፈረንጆቹ 1831 ነው ራሱን የቻለ ሕግ የወጣለት፣ ሮበርት ፒል የለንደንን ፖሊስ ካቋቋመ ከሁለት አመት በኋላ ማለት ነው። ደሞዝ የለውም፣ የትራንስፖርት ምናምን ወጪው ይሸፈንለታል፣ አብዛኛውን ጊዜ በወር ቢያንስ 16 ሰአት እንዲሰራ ይጠበቅበታል። ግን አንድ ነገር ልብ በል፣ ስልጣኑ ከደሞዝተኛው ፖሊስ እኩል ነው፣ ሰው ይይዛል፣ ሕጉ በሚፈቅደው ልክ ይፈትሻል፣ ካቴናም ይዟል። ለዛም ነው ከመግባቱ በፊት የጀርባ ታሪኩ የሚጣራው፣ ማታ ማታና ቅዳሜ እሁድ እየተባለ ወራት የሚፈጅ ስልጠና የሚወስደው፣ ቃለ መሃላ የሚፈፅመው፣ ሲያጠፋም እንደማንኛውም ፖሊስ የሚጠየቀው። ስልጣኑ የተሰጠው ከነተጠያቂነቱ ነው።

እኛ ጋ በዚህ መልኩ የለም። ቀን ባንክ ውሎ ማታ የፖሊስ ሙሉ ስልጣን ይዞ የሚወጣ ሰው በኛ አሰራር አታገኝም። ያለው ማህበረሰብ አቀፍ ፖሊሲንግ የሚባለው ነው፣ ለየአካባቢው የተመደበ ፖሊስ አለ፣ ነዋሪው በየብሎኩ ይደራጃል፣ ተራ እየገባ ሮንድ የሚወጣ አለ፣ የቅሬ (የእድር) ዳኞችና የሃይማኖት አባቶች ከፖሊስ ጋር ቁጭ ብለው የሚመክሩበት መድረክ አለ። አንተ የምትገባው እዚህ ውስጥ ነው። ነዋሪው ራሱ ወንጀለኛ መፈለጉ ደግሞ ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም፣ አያቶቻችን አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ እያሉ ሀገሬው ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ሌባው እስኪወጣ ድረስ ይቀመጥ ነበር።

ስልጣንህ እስከምን ነው ላልከው፣ ከማንኛውም ዜጋ አይበልጥም። ያም ቢሆን ባዶ አይደለም። ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ የኖረው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን አንቀፅ 50 ላይ ማንኛውም ግለሰብ እጅ ከፍንጅ ያገኘውን ወንጀለኛ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝ ይችላል ይላል፣ ወንጀሉ ቢያንስ ሶስት ወር ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ። እጅ ከፍንጅ ማለት ሲሰርቅ አይተኸው ነው፣ ወይ ሰርቆ ሲሮጥ ሰው ሌባ ሌባ እያለ እያባረረው ነው። የያዝከውን ሰው ሳትዘገይ ቅርብ ላለው ፖሊስ ጣቢያ ታስረክባለህ። ቤት አታቆየውም፣ የቀበሌ ጊቢ ውስጥ አታሳድረውም፣ «ማን ላከህ» እያልክ አትመረምረውም። ከዛ በኋላ ያለው የፖሊስ ስራ ነው፣ ፖሊስም ቢሆን በ48 ሰአት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት፣ ሕገ መንግስቱ አንቀፅ 19 ላይ ነው ያለው፣ ከሰአቱ ውስጥ የማይቆጠረው ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ የሚፈጀው ጊዜ ብቻ ነው።

እጅ ከፍንጅ ያልሆነውን ግን መንካት የለም። ባለፈው ሳምንት ቆጣሪ የነቀለው እሱ ነው የሚባል ልጅ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ብታየው አትይዘውም፣ የምታውቀውን ለፖሊስ ትናገራለህ አለቀ። ኪስ መፈተሽ፣ ቤት ገብቶ ማየት፣ «ስልክህን ክፈት ቴሌግራምህን አሳየኝ» ማለት በፍፁም የአንተ ስራ አይደለም። የሰው ቤትና የሰው ደብዳቤ፣ ስልኩም ጭምር፣ በሕገ መንግስቱ አንቀፅ 26 የተጠበቀ ነው። የሌለህን ስልጣን እንዳለህ ሆነህ ከተንቀሳቀስክ በወንጀል የምትጠየቀው አንተ ነህ፣ ይሄን ብዙ ልጆች አያውቁትም፣ አንፀባራቂ ሰደርያ ሲለብሱ ሁሉ ነገር የተፈቀደላቸው ይመስላቸዋል።

«ታዲያ ምን ቀረልኝ» ትለኝ ይሆናል። ዋናው ነገር ቀረልህ። ከሌላ ቦታ ተመድቦ የመጣ ኮንስታብል የሌለው ነገር አንተ ጋ አለ፣ ሰፈሩን ታውቀዋለህ። የትኛው ግቢ ሰው እንደሌለበት፣ የትኛው ልጅ ትምህርት አቋርጦ ሰሞኑን ከነማን ጋር እንደሚውል፣ የትኛዋ እናት ብቻዋን እንደምታድር ታውቃለህ፣ እነሱም የማን ልጅ እንደሆንክ ያውቃሉ። የአንተ ጉልበት ይሄ እውቂያና እምነት ነው፣ እሱን ካጣህ ሮንድ ብትወጣም ባትወጣም አንድ ነው።

ስራው ላይ ምን እንደሚመስል ልንገርህ። ስልክ የሚነጠቅባቸውን ቦታዎች በወረቀት ላይ አስቀምጣቸው፣ አብዛኞቹ አንድ ባህሪ ይኖራቸዋል፣ የመንገድ መብራቱ ተቃጥሏል፣ መታጠፊያ አለው፣ ወደ ታች የሚያስመልጥ ደረጃ ወይ ቀጭን መንገድ አለው። ደሴ ተዳፋት ከተማ ናት፣ ነጣቂው ሁሌም ወደ ታች ነው የሚሮጠው። እዛ ቦታ ላይ ያለ ሱቅ የውጭ አምፖሉን እንዲያበራ ማግባባት፣ ለተቃጠለው የመንገድ መብራት ማመልከቻ ይዞ መመላለስ፣ ይሄ ሁሉ ፖሊስን ማገዝ ነው፣ ዱላ ይዞ ከመዞር በላይ ይሰራል ብዬ አምናለሁ።

ማስታወሻ ደብተር ያዝ። ያየኸውን ብቻ ፃፍ፣ የጠረጠርከውን አይደለም። «ተጠርጣሪ ባጃጅ አየሁ» ብሎ መፃፍ ለማንም አይጠቅምም። «ማታ 3፡40፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት፣ መብራቱን ያጠፋ ባጃጅ፣ የቀኝ በሩ ሸራ የተቀደደ፣ ሁለት ሰው ከኋላ፣ የታርጋው መጨረሻ ሁለት ቁጥር እንዲህ» ካልክ ግን መርማሪው የሚይዘው ነገር አገኘ ማለት ነው። ባትሪና ፊሽካ አይለዩህ፣ የጦሳ ተራራ ብርድ እንደሆነ ታውቀዋለህ፣ ወፍራም ካፖርት ደርብ። ብቻህን አትውጣ፣ የጣቢያውን ስልክ በቃልህ ያዘው።

አንድ ቤት ተሰብሮ ካገኛችሁ ደግሞ ሰው እንዳይገባ በር ላይ ቁሙ። እኛ ጋ ጎረቤት ሲሰረቅ ሰፈሩ ሁሉ ሊያፅናና ግር ብሎ ይገባል፣ የተሰበረውን ያነሳል፣ ይጠርጋል፣ ቡና ይፈላል፣ ፖሊስ ሲደርስ አሻራም ኮቴም የለም። ማፅናናቱ ደጅ ላይ ይሁን። እና ደግሞ ሌባ ከያዝክ ምስክር ነህ፣ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለ፣ ተለዋጭ ቀጠሮ አለ፣ ስለዚህ ለባንኩ አለቃህ ከአሁኑ ንገረው፣ ምስክር ሳይቀርብ ቀርቶ የሚዘጋ መዝገብ ያናድዳል።

አሁን ወደ እናትህ እንምጣ፣ ይሄ ነገር ከሁሉም በላይ ክብደት የምሰጠው ነው። እናትህ ስልሳ አካባቢ ከሆነች ልጅ ሆና ያየችው አለ። በ1967 በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌ ተቋቋመ፣ ቀጥሎ አብዮት ጥበቃ መሳሪያ ታጠቀ፣ በ1969 እና 70 በቀይ ሽብር ሰው ከቤቱ ሲወሰድ በር ያንኳኳው ባእድ አልነበረም፣ የሰፈር ልጅ ነበር። ከዛ በኋላም አንድ ለአምስት መጣ፣ ማን ምን አለ ማን ምን አሰበ የሚል ሪፖርት። እናትህ የምትፈራው ሌባውን አይደለም፣ ልጇ የጎረቤት ጆሮ ጠቢ ሆኖ ሰው ቡና መጥራት እንዳያቆምባት ነው። በዛ ላይ አሁን ያለንበት ጊዜ ምን እንደሚመስል አንተም ታውቃለህ፣ የሷ ፍርሃት ተራ የእናት ስጋት ነው ብለህ እንዳታልፈው።

ስለዚህ ከመመዝገብህ በፊት ጣቢያ ሄደህ ፊት ለፊት ጠይቅ። ተጠሪዬ ማነው፣ በስም እና በማዕረግ? ስራዬ ምን ምን እንደሆነ በፅሁፍ ይሰጠኛል? ስልጠና አለ? ብጎዳ ማን ያሳክመኛል? ዩኒፎርም ወይ ባጅ ካለ ማን ነው ማህተም የሚያደርገው? መሳሪያ ያዝ ከተባልክ ያ የሰፈር በጎ ፈቃድ አይደለም፣ የሚሊሻ ስራ ነው፣ ሌላ ሕግና ሌላ ኃላፊነት ያለው ነገር ነው፣ አልችልም በል። የሰው የፖለቲካ አመለካከት፣ ማን ማን ቤት እንደገባ፣ ማን ምን እንደለጠፈ አምጣ ከተባልክም እንደዛው። አንተ የምትሰራው ስርቆት፣ ንጥቂያ፣ ድብድብ፣ የጠፋ ልጅ፣ የእሳት አደጋ ላይ ነው ብለህ ገና ከመጀመሪያው ተናገር፣ ተቀባይነት ካላገኘ ተመለስ፣ ሰፈርህን በሌላ መንገድ አገልግል።

ከተስማማህ ግን እናትህን አትደብቃት። የትኛው ቀን እንደምትወጣ፣ ከማን ልጅ ጋር እንደምትወጣ፣ በስንት ሰአት እንደምትመለስ ንገራት፣ ተጠሪህን ፖሊስ አንድ ቀን ቤት ጠርተህ አስተዋውቃት። ማታ ያየኸውን ጠዋት ቡና ላይ በርጫ ላይ አትዘርግፈው፣ የእገሌ ልጅ ሰክሮ አገኘነው፣ የእገሊት ባል ከየት ሲመጣ አየነው የሚባል ነገር ከአፍህ እንዳይወጣ። እናትህ ይሄን ሁለት ሶስት ወር ካየች ከማንም በፊት የምትመርቅህ እሷ ናት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ከገጠር ነው የመጣሁት፣ ከሶስት ሴቶች ጋር ቤት ተከራይተን ነው የምንኖረው። የማታ ሽፍት ስንሆን ሰርቪሱ ዋናው አስፋልት ላይ ያወርደናል፣ ከዛ ውስጥ ለውስጥ በጨለማ ነው የምንሄደው። ሮንድ የሚወጡት ወንዶች ደግሞ ሲያገኙን ሌባውን ትተው «በዚህ ሰአት ከየት ነው» ይሉናል፣ አንዳንዱ መብራት ፊታችን ላይ ያበራል። እኔ ራሴ ብገባበትስ ብዬ አሰብኩ፣ ሴት ትገባለች ወይ? ሰው ምን ይለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ትገቢያለሽ፣ መግባትም አለብሽ። ፓርኩ ከተከፈተ ከ2009 ወዲህ ኮምቦልቻ ውስጥ በሌሊት መንገድ ላይ ያለው ሰው ተቀይሯል፣ በፈረቃ የሚሰሩ ወጣት ሴቶች ናቸው፣ ሮንዱ ግን አሁንም ከ3 ሰአት በኋላ መንገድ ላይ ያለች ሴት ጥያቄ አለባት ብሎ ነው የሚያስበው። ይሄን ሊቀይረው የሚችለው የሽፍቱን ሰአት የምታውቅ ሴት እዛ ውስጥ ስትቀመጥ ነው። የት ነበርሽ ብሎ የመጠየቅ ስልጣን ማንም አልሰጣቸውም፣ አዋቂ ሰው ከስራ ሲመለስ ለሰፈር ልጅ መልስ የመስጠት ግዴታ የለበትም።

ስትገቢ መጀመሪያ ይዘሽ የምትገቢው ነገር የሰርቪሱ የሰአት ሰሌዳ ይሁን። በስንት ሰአት፣ የት ቦታ፣ ስንት ልጆች እንደሚወርዱ ለተጠሪው ፖሊስ ስጪው፣ ሮንዱ በዛ ሰአት እዛ ቦታ እንዲገኝ አድርጊ። መብራቱ መንገዱ ላይ ይብራ፣ ፊታችሁ ላይ አይደለም። ልጆቹን ተጠግቶ ማጀብም አያስፈልግም፣ መታጠፊያው ላይ መቆም ይበቃል፣ ልጆቹ አብረው ተጠራርተው ይሂዱ፣ ሮንዱ እይታ ውስጥ ያድርጋቸው። ይሄን ከሰርቪሱ ሹፌር ጋርም ማውራት ይቻላል፣ አንድ መቶ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ መብራት ያለበት ቦታ ቢያወርዳችሁ ብዙ ነገር ይቀላል።

ሌላው፣ ወደፊት አንዲት ልጅ «እንዲህ አደረጉኝ» ብላ ለወንድ የማትናገረውን ላንቺ ትናገራለች። እንደዛ ከመጣች ጉዳዩን አንቺ ልጨርሰው አትበይ። ያልታጠበች እንደሆነ ሳትታጠብ፣ የለበሰችውን ልብስ በወረቀት ከረጢት ይዛ፣ ባፋጣኝ ሆስፒታል ወይ ጤና ጣቢያ አድርሻት፣ የኤች አይ ቪ መከላከያው መድሃኒት በ72 ሰአት ውስጥ ካልተጀመረ አይሰራም፣ እርግዝና መከላከያውም ቢፈጥን ነው የሚሻለው። 72ቱ ሰአት ቢያልፍም ግን ህክምናውና ማስረጃው ይቀራል ማለት አይደለም፣ ውሰጃት። ከዛ ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚከታተለው ክፍል አለ፣ እዛ አብረሻት ሂጂ። አከራይ ወይ ሽማግሌ መጥቶ «በእርቅ ይለቅ» ቢል በጄ እንዳትሉ፣ አስገድዶ መድፈር በእርቅ የሚዘጋ ነገር አይደለም። ስሟንም ለማንም አታውሪ፣ ለጓደኞችሽም።

ሰው ምን ይለኛል ላልሽው፣ መጀመሪያ ላይ ያወራል። ብቻሽን አትግቢ፣ አብረውሽ ከሚኖሩት አንዷን ይዘሽ ግቢ፣ የማታ ሽፍት በሌላችሁ ሳምንት ብቻ ውጡ፣ ለረጅም ሰአት ቆማችሁ ሰርታችሁ ሌሊት መዞር ጤና አይሆንም።

ጥያቄ፦ ልጄ እንደምን ሰንብተሃል። ደሴ ነው የምኖረው፣ አሮጊት ነኝ፣ ይሄን የምትፅፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። የኛ ቅሬ ለሮንድ እያለ በየወሩ ብር ያዋጣል፣ እኔም ከሌለኝ ላይ እሰጣለሁ። በቀደም ማታ ጩኸት ሰምቼ ብወጣ አንድ ልጅ አጋድመው ይደበድቡታል፣ ጫማው አንድ እግሩ ላይ ብቻ ነው ያለው፣ አፉ ደም ነው። በአላህ በማርያም ብል ማን ሰምቶኝ፣ ነጠላዬን ጣልኩበትና ላዩ ላይ ተቀመጥኩ፣ ያኔ ተዉት። ኋላ ሲጣራ ልጁ የሰረቀው ነገር የለም፣ እቃ ተሸካሚ ነው፣ ማደሪያ ፍለጋ ነው የገባው። ለቅሬው ብናገር «እማማ እርስዎ ዝም ይበሉ፣ ሌባ ሊያስለምዱብን ነው» አሉኝ። ደግመሽ አትክፈይ ይለኛል ልቤ፣ ከቅሬ መውጣት ደግሞ ሞት አለና እፈራለሁ። ምን ትለኛለህ?

መልስ፦ እማማ፣ እድሜ ይስጥዎት። የዛን ቀን ማታ እዛ ከነበረው ሰው ሁሉ የፖሊስን ስራ የሰሩት እርስዎ ነዎት። ልጁ ቢሞት ኖሮ ዛሬ የሰፈሩ ልጆች በነፍስ ግድያ ይጠየቁ ነበር፣ እነሱንም ነው ያዳኑዋቸው።

ሕጉ ግልፅ ነው። ማንም ሰው ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ነህ እስኪለው ድረስ ጥፋተኛ አይባልም፣ በሕገ መንግስቱ አንቀፅ 20 ላይ አለ፣ ጭካኔ የተሞላበት አያያዝ ደግሞ አንቀፅ 18 ይከለክለዋል። ይሄ ለሌባውም ነው፣ የምር ሰርቆ የተያዘም ቢሆን ከተያዘ በኋላ የሚያርፍበት እያንዳንዱ ጥፊ ሌላ ወንጀል ነው። ሀገራችን ድሮ ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበራት፣ እርስዎ ከእናት ከአባትዎ ሰምተው ይሆናል፣ ለአንድ ትንሽ ልጅ መድሃኒት አጠጥተው ይለቁታል፣ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይከፍላል። መንግስት ያስቀረው ንፁህ ሰው ስለሚያስበላ ነው። በጨለማ የማይታወቅ ፊት ስላዩ ብቻ ልጅ አጋድሞ መደብደብ ከዛ በምን ይሻላል?

ቅሬውን አይልቀቁ። ይልቅ በሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባ ላይ፣ ብቻዎን ሳይሆን ያንን ማታ ካዩት ሴቶች ሁለት ሶስት ይዘው፣ ለዳኛው እነዚህን ያንሱ። የምናዋጣው ብር ደረሰኝ አለው ወይ? ሮንድ የሚወጡት ልጆች የሚከፈላቸው ከሆነ ተቀጣሪ ናቸው፣ በጎ ፈቃደኛ አይደሉም፣ ስለዚህ ውላቸው የታለ፣ ተያዣቸው ማነው? ፖሊስ ስማቸውን ያውቀዋል? ሰው ሲይዙ በስንት ደቂቃ ነው ጣቢያ የሚያደርሱት? ዱላው ይቅር፣ ፊሽካና ባትሪ ይበቃቸዋል። መልስ ካላገኙ ለጣቢያው አዛዥ ይንገሩ፣ ይሄ ሰፈር መክዳት አይደለም። የተመታው ልጅ ደግሞ ከፈለገ የመክሰስ መብት አለው፣ የሕክምና ማስረጃ ቶሎ ማውጣት አለበት፣ ቁስሉ ከሻረ በኋላ ማስረጃው ይከብዳል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ያ ልጅ አሁንም እዛው አካባቢ እቃ ይሸከማል፣ የመቱትም ልጆች እዛው ናቸው፣ ቂም ይዘው እንዲኖሩ አይተዉዋቸው። በወሎ ደንብ አበጋር የሚባለው የእርቅ ሽማግሌ ተጠርቶ ካሳ ተከፍሎ ይቅር መባባል ያለ ነው፣ ፖሊስ ጋ ያለው ነገር በራሱ መንገድ እየሄደም ቢሆን ይሄ መደረግ ይችላል፣ አንድ ትልቅ ሰው ቢያስጀምረው። እርስዎ ቢሉ ይሰሙዎታል፣ አሁን ዝም ይበሉ ያሉት ስላፈሩ ነው የሚመስለኝ።

ጥያቄ፦ 11ኛ ክፍል ነኝ፣ 17 አመቴ ነው፣ ወደፊት ፖሊስ መሆን ነው የምፈልገው። ከትልልቆቹ ጋር ሮንድ ልውጣ ብል አባቴ ከለከለኝ። እሱ ነው ትክክል እኔ?

መልስ፦ አባትህ። መጀመሪያው መልስ ላይ ያነሳሁት የእንግሊዙ ስፔሻል ኮንስታብል ራሱ 18 ሳይሞላው አይሰማራም። አንተ ግን እስከዛ ቁጭ በል ማለቴ አይደለም። ትምህርት ቤታችሁ የትራፊክ ክበብ ካለው ግባበት፣ ከሌለው አንድ መምህር ይዘህ አስጀምሩት፣ ደሴን ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚወስደው ዋና መንገድ ሰንጥቋት ነው የሚያልፈው፣ ቁልቁለቱ ላይ ከባድ መኪና ፍሬን ይዞ ቶሎ አይቆምም፣ ጠዋት 2 ሰአት ሳይሞላ የአንደኛ ደረጃ ልጆች የሚሻገሩበት ቦታ ላይ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ብትቆሙ ትልቅ ስራ ነው። መኪና የማስቆም ስራ ግን የትራፊክ ፖሊሱ ነው፣ እናንተ ልጆቹን ነው የምታስቆሙት። ከዛ ውጪ ቀይ መስቀል ጋ ሄደህ የመጀመሪያ እርዳታ ስልጠና መቼ እንዳለ ጠይቅ፣ ደም የሚፈሰውን ሰው እንዴት እንደሚይዙት የሚያውቅ ልጅ ነገ ፖሊስ ኮሌጅ ሲገባ ብዙ ነገር ይቀልለታል። የወላጅ ፊርማ ስለሚጠይቁህ አባትህን ይዘኸው ሂድ።